በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ኔትወርክ፦ የቨርጂኒያ ምክርና የአዲስ አበባ ሆትስፖት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ በኮምፒውተር ሙያ ለምንተዳደር ሐበሾች ከአገር ቤት በቴሌግራም የሚደርሰን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። «ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ጭኛለሁ። ሁለቱም ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይገናኙም። ምን ይሻለኛል?» ከዚህ የሚሄደው መልስም እንዲሁ አንድ ነው፦ «ሴቲንግ ውስጥ ግባና ብሪጅድ አድርገው።» መልሱ በራሱ ስሕተት የለበትም። አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አፓርታማ ውስጥ በአምስት ደቂቃ ነገሩን ይጨርሰዋል። አዲስ አበባ ያለው ጠያቂ ግን ጥቂት ቆይቶ «አሁን ደግሞ ጭራሽ ኢንተርኔቱም ጠፋ» ብሎ ይጽፋል።

ይህ የእውቀት ልዩነት አይደለም፤ ልጆቹ መመሪያውን ከማንም ባላነሰ አንብበውታል። ልዩነቱ ኢንተርኔት ወደ ቤት በሚገባበት መንገድ ላይ ነው። ውጭ ያለ ሰው ሲመክር በልቡ የያዘው የራሱን ቤት ራውተር ነው፤ አገር ቤት ያለው ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው የስልክ ሆትስፖት ነው። ከዚህም አልፌ የምለው አለኝ፦ አገር ቤት በችግር ምክንያት የሚመረጠው አሠራር፣ ኔትወርክን ለመማር እዚህ በምቾት ከለመድነው ይበልጣል። ለምን እንዲህ እንደምል ላሳይ።

ሁለቱ ማሽኖች ለምን እንደማይገናኙ ከመረዳት ልጀምር። ብዙ ተማሪ የሚነሳው ከቨርቹዋልቦክስ ነው፤ ነፃ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሰው እጅ አለ፣ ዛሬ ባለቤቱ ኦራክል ነው። ቨርቹዋልቦክስ አዲስ ማሽን ሲፈጠርበት ማንም ሳይጠይቀው ኔትወርኩን «ናት» የሚባለው ስልት ላይ ያስቀምጠዋል። በዚህ ስልት ማሽኑ 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ያገኛል፤ መውጫው 10.0.2.2 ነው። ሁለተኛ ማሽን ብትፈጥሩ እሱም 10.0.2.15 ነው። ይህን ያየ ተማሪ «አድራሻቸው ተጋጭቷል» ብሎ አንዱን በእጁ ወደ 10.0.2.16 ይቀይረዋል፤ ምንም አይለወጥም። ግጭት አልነበረማ። ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱ ትንሽ ራውተር ተሠርቶለታል፤ አንዱ ከሌላው ጋር የሚጋራው ነገር የለም። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ቁጥር 15 የሆነ ቤት አለ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየምም ቁጥር 15 አለ። ቁጥራቸው ስለተመሳሰለ አይጣሉም፤ አንዱ ግድግዳ ቢያንኳኳም ሌላው አይሰማም።

ብሪጅድ ይህን ትንሽ ራውተር ከመሀል ያወጣና ማሽኑን በቀጥታ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር ያገናኘዋል። ማሽኑ የራሱን ማክ አድራሻ ይዞ፣ እንደ አንድ ተጨማሪ ላፕቶፕ፣ የቤቱን ራውተር አድራሻ ይጠይቃል።

እዚህ ራውተሩ ይሰጠዋል። የአሜሪካ ቤት ኢንተርኔት በኬብል ወይም በፋይበር ይገባል፣ በወር ይከፈላል፣ ራውተሩ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። በ192.168.1 የሚጀምሩ 250 ገደማ አድራሻዎች በእጁ ስላሉ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ቢጨመርበት አይሰማውም። ኮምፒውተሩም ብዙ ጊዜ በገመድ የተያያዘ ነው። ሙያውን የሚወድ ሰው ቤዝመንቱ ወይም የልብስ ቁምሳጥኑ ውስጥ መሥሪያ ቤት አገልግሎት ላይ ያዋለውን አሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ በርካሽ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ፕሮክስሞክስ ይጭንበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጥረው ማሽን ሁሉ ከቴሌቪዥኑና ከልጆቹ ታብሌት ጎን ለጎን አንድ ኔትወርክ ላይ ይቀመጣል። ሁሉም ይገናኛል። ለምን እንደሚገናኝ ማንም አይጠይቅም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ቤታቸው ፋይበር የገባላቸው አሉ፤ ተማሪው ግን በአብዛኛው በስልኩ ነው የሚኖረው። መስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አማራጩ ሁለት ስለሆነ፣ አንዱ ሲም ሲደክም ወደ ሌላው እየቀያየሩ በገዙት ጥቅል ይሠራሉ። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኩ ሆትስፖት በዋይፋይ ነው። እዚህ ላይ ብሪጅድ ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል።

የመጀመሪያው የዋይፋይ ጠባይ ነው። ዋይፋይ የሚያሠራጨው መሣሪያ የሚያስተናግደው ተመዝግቦ የተያያዘውን ማክ አድራሻ ብቻ ነው። ከአንድ ላፕቶፕ ሁለተኛና ሦስተኛ ማክ አድራሻ ብቅ ሲል አያውቀውም፤ መልእክቱን ይጥለዋል። ቨርቹዋልቦክስ ይህን ለማለፍ የማሽኖቹን ማክ በላፕቶፑ ማክ እየተካ ይልካል፤ ዘዴው አንዳንዱ ካርድና ሆትስፖት ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ አይሠራም። ሁለተኛው እንቅፋት የአድራሻው አለመርጋት ነው። አይፎን ሆትስፖት የሚሰጠው ከ172.20.10 ክልል ነው፤ ክልሉ ስልኩን ጨምሮ ለ14 አድራሻ ብቻ ቦታ አለው። የቀድሞ አንድሮይዶች 192.168.43 ይሰጡ ነበር፤ አዳዲሶቹ ሆትስፖቱ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ክልል ሊያመጡ ይችላሉ። ዛሬ ማታ የጻፋችሁት አድራሻ ነገ ጠዋት ዋጋ የለውም። የጓደኛችሁን ስልክ ብትጠቀሙም ሌላ ነው። ዶርም ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ብትሆኑ ደግሞ ራውተሩ የእናንተ አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች መለያየት ይሻላል። ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ አንድ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት የሚያገኙበት መንገድ ሌላ ነገር። ብሪጅድ ሁለቱን በአንድ ምት ስለሚፈታ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። ሲበላሽም ሁለቱን አብሮ ያበላሻቸዋል።

ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሠራ ስልት አለ፤ ኢንተርናል ኔትወርክ ይባላል። ይህ ከላፕቶፑ የማይወጣ ኔትወርክ ነው። ከሆትስፖቱ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ከላፕቶፑ ከራሱ ጋር እንኳ ግንኙነት የለውም፤ አንድ ዓይነት ስም የተሰጣቸው ማሽኖች ብቻ ይተያዩበታል። ጥቅል አለቀ አላለቀ አይመለከተውም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ መለማመጃውን በዚህ መንገድ ላዘጋጀ ሰው ልምምዱ የሚቆምበት ምክንያት አልነበረም። መብራት ሲሄድም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ማሽኖቹን ባሉበት ሁኔታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መብራት ሲመጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የእህቴ ልጅ አያት አካባቢ ነው የሚኖረው፤ ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አለው። ሦስት ማሽን ፈለገ፤ አንድ መውጫ፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ተጠቃሚ። ሦስቱም የግራፊክ ገጽ የሌላቸው ዴቢያን ስለሆኑ ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት ራም መስጠት በቂ ነበር፤ የተረፈው ለዊንዶውሱ ቀረለት። አሠራሩን እንደሚከተለው ተነጋገርን። መውጫው ማሽን ሁለት ኔትወርክ ካርድ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያው «ናት»፣ ሁለተኛው ኢንተርናል ኔትወርክ፣ ስሙም «ላብ»። ሰርቨሩና ተጠቃሚው አንድ አንድ ካርድ ብቻ ይኖራቸዋል፣ ያም ኢንተርናል ኔትወርክ «ላብ»። ኢንተርናል ኔትወርክ ላይ አድራሻ የሚያድል የለም፤ ስለዚህ አድራሻው በእጅ ይጻፋል፦ መውጫው 10.10.10.1፣ ሰርቨሩ 10.10.10.11፣ ተጠቃሚው 10.10.10.12፣ የሦስቱም ማስክ 255.255.255.0። ሰርቨሩና ተጠቃሚው መውጫቸው 10.10.10.1 መሆኑን ይነገራቸዋል። 10.10.10ን የመረጥነው «ናት» ከሚጠቀምበት 10.0.2 ጋርም፣ ከተለመዱት የስልክ ሆትስፖት ክልሎች ጋርም እንዳይደራረብ ነው። እነዚህ ክልሎች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ማንም ሰው በቤቱ እንዲጠቀምባቸው በዓለም አቀፍ ደንብ የተተዉ ናቸው፤ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም።

ልጁ ጻፈና ሞከረ። ሰርቨሩ ከመውጫው ጋር ተገናኘ። ተጠቃሚው ከማንም ጋር አልተገናኘም።

«ጋሼ፣ አድራሻውን ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ልክ ነው» አለኝ።

አድራሻውን ተወውና አርፕ ሰንጠረዡን አሳየኝ አልኩት። አርፕ ማለት ማሽኑ «ይህ አድራሻ ያለው ማን ነው?» ብሎ ጮኾ ያገኘውን መልስ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ ነው። ፒንግ ሳይመለስ ሲቀር መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን አያየውም። ሰርቨሩ ላይ የ10.10.10.1 መስመር 08:00:27 ብሎ የሚጀምር ማክ አድራሻ ይዟል፤ ይህ ቨርቹዋልቦክስ ለራሱ ማሽኖች የሚሰጠው መነሻ ነው። የ10.10.10.12 መስመር ግን ባዶ ነው። እንግዲህ ሰርቨሩ ጠርቷል፣ ተጠቃሚው አልሰማም። አድራሻው ልክ ሆኖ ጥሪው ካልተሰማ ችግሩ ከአድራሻ በታች ነው፤ ሁለቱ አንድ ሽቦ ላይ አይደሉም። የተጠቃሚውን የካርድ ሴቲንግ አስከፈትኩት። የኔትወርኩ ስም ቦታ ላይ «ኢንትኔት» ይላል። ቨርቹዋልቦክስ ራሱ የሚሞላው ስም ነው፤ በሁለቱ ማሽኖች ላይ ተቀይሮ በሦስተኛው ላይ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ስሕተት ነው አይልም። ሌላ ስም ካየ ሌላ ኔትወርክ ይፈጥራል፣ ማሽኑንም እዚያ ብቻውን ያስቀምጠዋል። ማሽኑን ሳያጠፋ ስሙን «ላብ» አደረገው፤ ወዲያው ፒንጉ መመለስ ጀመረ፣ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ።

ይህ ልጅ በዚያ ምሽት ያየውን ነገር ብሪጅድ አድርጎ የተገላገለ ሰው ላያየው ይችላል። አድራሻ ልክ መሆኑና ሽቦው አንድ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን በዓይኑ አየ። ክፍል ውስጥ ስለ ኔትወርክ ንብርብሮች የተማረውን ነው ያየው፤ ፓኬት ትሬሰር ላይም ተለማምዶታል። ፓኬት ትሬሰር መልካም መለማመጃ ነው፤ ግን የማሽኑን ጠባይ ያስመስላል እንጂ እውነተኛ ሊኑክስ ወይም እውነተኛ ዊንዶውስ አያስኬድም። እውነተኛው ማሽን ላይ ያለው ብልሽት አይገኝበትም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ኢንተርኔቱን ወደ ውስጥ ማሳለፍ ነበር። መውጫው ማሽን ላይ ሁለት ነገር ይበቃል፦ ከአንዱ ካርድ የገባውን በሌላው እንዲያሳልፍ የሊኑክሱን የማስተላለፍ ፈቃድ መክፈት፣ ከውስጥ የሚወጣው ሁሉ በመውጫው አድራሻ ተሸፍኖ እንዲወጣ በፋየርዎሉ አንድ ደንብ መጻፍ። አሁን ሰርቨሩና ተጠቃሚው በመውጫው በኩል ኢንተርኔት ያገኛሉ። ስልክ ቢቀየር፣ ሲም ቢቀየር፣ ሆትስፖቱ አዲስ ክልል ቢያመጣ ውስጥ ያለው 10.10.10 አይነካም። የሚቀያየረውን ነገር የሚሸከመው የመውጫው የመጀመሪያ ካርድ ብቻ ነው፣ እሱንም ቨርቹዋልቦክስ ያስተካክለዋል።

እዚህ አሜሪካ ማንም የማያስበው፣ እዚያ ግን ወሳኝ የሆነ ሌላ ጥቅም አለ። መውጫው ማሽን ላይ አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል፤ በር ቁጥር 3142 ላይ ይቀመጣል። የተቀሩት ማሽኖች ሶፍትዌር ሲፈልጉ ወደ ኢንተርኔት ሳይሆን ወደ 10.10.10.1 ይሄዳሉ። መጀመሪያ የጠየቀው ማሽን ከኢንተርኔት ያስወርዳል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንኑ ከመውጫው ሃርድ ዲስክ ላይ ይወስዳሉ። ሦስት ዴቢያን ማሽን ለማደስ የሚከፈለው ጥቅል የአንድ ማሽን ብቻ ይሆናል። ጥቅል በሚቆጠርበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አጫጫኑ ላይም እንዲሁ ማሰብ ይገባል። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲወርድ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፤ አልፓይን ለቨርቹዋል ማሽን ተብሎ የተዘጋጀው እትሙ 100 ሜጋባይት አይሞላም፤ ኔትወርክ ለመለማመድ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

ከላፕቶፑ ሆኖ ወደ ማሽኖቹ በኤስኤስኤች መግባት ለሚፈልግ፣ መውጫው ላይ ሦስተኛ ካርድ ጨምሮ ሆስት ኦንሊ ማድረግ ነው። ላፕቶፑ 192.168.56.1 ይሆናል፣ ማሽኑ ከ101 ጀምሮ አድራሻ ያገኛል። ይህም ከሆትስፖቱ ጋር ጉዳይ የለውም።

ዊንዶውስ የሚጨምር ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። የመጀመሪያው፣ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ፋየርዎሉ ፒንግ አይመልስም። ስለዚህ ፒንግ አልተመለሰም ማለት ኔትወርኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ እዚህም አርፑን ማየት ነው፣ ማክ አድራሻው ከተመዘገበ ሽቦው ደኅና ነው፣ የሚቀረው ፋየርዎሉን ማስፈቀድ ነው። ሁለተኛው፣ 169.254 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ማሽኑ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ያወጣው ነው፤ በእጅ መጻፉን ረስታችኋል ማለት ነው።

ጊዜ እንዳይጠፋ ሲባል አንዱን ማሽን ሠርቶ ማባዛት የተለመደ ነው። ሲባዛ ለእያንዳንዱ ካርድ አዲስ ማክ አድራሻ ይሰጠው የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ግን ይህም አይበቃም። አድራሻ ከሚያድል ኔትወርክ ላይ ሲሆን ራሱን የሚያስተዋውቀው በማክ አድራሻው ሳይሆን ማሽን አይዲ ከሚባለው ፋይል በተወሰደ መለያ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ አብሮ ተባዝቷል። ማካቸው የተለያየ ሁለት ማሽኖች አንድ አድራሻ ተሰጥቷቸው ሲጣሉ ታያላችሁ። ከማባዛት በፊት ያንን ፋይል ባዶ ማድረግ መድኃኒቱ ነው። ይህ ችግር እዚህም እዚያም ያለ ነው።

ወደ ማነጻጸሩ ልመለስ፤ ብሪጅድ እዚህ ቤትም ቢሆን ያለ አደጋ አይደለምና። የዊንዶውስ ሰርቨር ልምምድ የሚያደርግ ሰው አንድ ቀን የዲኤችሲፒ ሰርቨር መትከሉ አይቀርም፤ የትምህርቱ አካል ነው። ማሽኑ ብሪጅድ ከሆነ ያ ሰርቨር ለመላው ቤት አድራሻ ማደል ይጀምራል። ቴሌቪዥኑ ከራውተሩ ፈንታ ከእሱ አድራሻ ይወስዳል፣ ወደ የትም የማያደርስ መውጫ ይሰጠዋል፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ጠፋ ይላል። እቤት ውስጥ ከሆነ ጉዳቱ አንድ ማታ ነው። አገር ቤት መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ይህንኑ ያደረገ ሰው የአንድ ፎቅ ሙሉ ሠራተኛ ሥራ ሊያስፈታ ይችላል። ኢንተርናል ኔትወርክ ላይ ያለ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ግን የፈለገውን ቢያደርግ ከላፕቶፑ አይወጣም። ለጀማሪ ነፃነት ማለት ይህ ይመስለኛል፤ ማንንም ሳይጎዳ የፈለገውን ማፍረስና መሥራት መቻል።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። ከቤቴ ብዙም በማይርቀው አሽበርን፣ ላውደን ካውንቲ ውስጥ፣ በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት የዳታ ሴንተር ክምችቶች አንዱ አለ። በዚያ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ይሠራሉ። የደመና አገልግሎት የሚከራይ ድርጅት ሰርቨሮቹን የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት በቀጥታ በማይደርስበት የውስጥ ክልል ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ሲያስፈልጋቸው በአንድ መውጫ በኩል አድራሻቸው ተሸፍኖ ይወጣሉ። ያ የእህቴ ልጅ አያት ላይ የሠራው ነው። ቁጥሩና ስሙ ይለያይ እንጂ አሳቡ አንድ ነው። አማዞን ላይ ያንን መውጫ ወር ሙሉ ክፍት አድርጎ ለማቆየት ብቻ፣ የሚያልፍበት ዳታ ሳይቆጠር፣ ከ30 ዶላር በላይ ይከፈላል። መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ቪኤምዌርም ውጭ ከሚወጣ ገመድ ጋር ያልተያያዘ ቨርቹዋል ስዊች አለው፤ ኢንተርናል ኔትወርክ ማለት ያው እሱ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው «በውስጥ ክልል ያለ ሰርቨር እንዴት ሶፍትዌሩን ያድሳል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ በገዛ ላፕቶፑ ላይ የሠራው ሰው ይመልሳል። ብሪጅድ ብቻ የለመደው ይቸገራል።

ለአገር ቤት ልጆች «ደመና ላይ ተለማመዱ» የሚል ምክርም ከዚህ በብዛት ይላካል። ምዝገባው ራሱ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ይጠይቃል፤ ለብዙ ተማሪ ያ ካርድ የለም። ካርድ የሚያውሰው ዘመድ ቢኖረው እንኳ አንድ የተረሳ ማሽን በዘመዱ ላይ ሂሳብ ሲያስቆጥር ይከርማል። ላፕቶፑ ላይ የረሳው ማሽን ራም ከመያዝ በቀር የሚያስከፍለው የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ደመና ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

የእዚህ አገር አሠራር የሚበልጥበት ቦታም አለ፤ መሸፈን አልፈልግም። እውነተኛ ስዊች፣ እውነተኛ ገመድና ቪላን እጅ በእጅ መንካት የሚተካው የለም። ማሽንን ወራት ሙሉ ሳያጠፉ ማቆየት፣ ከጊዜ ብዛት የሚመጣውን ብልሽት ማየት፣ መብራት በማይቆራረጥበት ቤት ይቀላል። ከሁሉ በላይ የምወድላቸው እዚህ ያሉ የቤት ላብ ባለቤቶች የመጻፍ ልምድ ነው፤ የትኛው ማሽን የትኛው አድራሻ እንዳለው፣ የትኛው ካርድ ከየትኛው ኔትወርክ እንደተያያዘ አንድ ገጽ ላይ ሥለው ያስቀምጣሉ። ይህን ልምድ ማንም ያለ ገንዘብ ሊወስደው ይችላል። አንድ የደብተር ገጽ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ማሽን ከመፍጠር በፊት ሳጥኖቹን መሣል፣ መስመሮቹን ማስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የኔትወርኩን ስም መጻፍ። «ኢንትኔት» የሚለው ስም ሥዕሉ ላይ ስለማይኖር ሴቲንጉ ላይ ሲታይ ወዲያው ዓይን ይገባል።

በሌላ በኩል እዚህ ሰው ብቻውን ነው የሚለማመደው፤ ቤዝመንት ወርዶ በሩን ይዘጋል። እዚያ ሦስት አራት ልጆች አንድ ላፕቶፕ ይከባሉ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ያነባል፣ የወረደውን ፋይል በፍላሽ ይከፋፈላሉ፣ አንዱ የፈታውን ለሌላው ያስረዳል። ያስረዳ ሰው ደግሞ አይረሳም። እነዚያ ልጆች በአቅም ማነስ ያገኙት የመማሪያ መንገድ በብዙ ገንዘብ የማይገዛ ነው።

እንግዲህ ውጭ ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የሚቀጥለው የቴሌግራም ጥያቄ ሲመጣላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ኢንተርኔቱ በስልክ ይሁን በፋይበር፣ ራውተሩ የራሱ ይሁን የሌላ ሰው ጠይቁ። መልሱ ስልክ ከሆነ ብሪጅድ አትበሉ፤ መውጫና ኢንተርናል ኔትወርክ አስተምሩ፣ ከእናንተ ጊዜ አንድ ምሽት ቢወስድም። ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ በአንድ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ የዴቢያን፣ የአልፓይንና የኡቡንቱ ሰርቨር መጫኛ ፋይሎችን፣ የቨርቹዋልቦክስን መጫኛ፣ የዊንዶውስ ሰርቨርን የ180 ቀን መሞከሪያ እትም ጭናችሁ ሂዱ። እዚህ በነፃ በአንድ ሌሊት የሚወርድ ነው፤ እዚያ የወር ጥቅል ነው። ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለም አንድ 8 ጊጋባይት የላፕቶፕ ራም ውሰዱ፤ ከአዲስ ስልክ ይልቅ ለተማሪ የሚጠቅመው እሱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የላፕቶፑን ሞዴል ጠይቁ፤ ለዲዲአር3 የተሠራ ማስገቢያ ዲዲአር4 አይቀበልም።